የመሸኛው ዜናና ማረሚያው

በመሰናበቻዬ ዕለት የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ ንግግር አደረጉ። ከተናገሩት አንዱ "በሥራ ዘመኑ ሁሉ አንድም ማረሚያ ያላስወጣ ጋዜጠኛ" የሚል ነበር። ሰዉ አጨበጨበ፤ እኔም ኬኩ የተቀመጠበት ጠረጴዛ አጠገብ ቆሜ አብሬ አጨበጨብኩ። ለራሱ ክብር በተጠራ ዝግጅት ላይ እጅ አውጥቶ "ልክ አይደለም" ማለት ለማንም አይመችም። አሁን ግን የጡረታ ወረቀቴ ተፈርሟል፣ ጊዜም አለኝ። ልክ አይደለም። ሁለት ማረሚያ አስወጥቻለሁ።

የመጀመሪያው ቀላል ነው። ስለ ጊደር መጋላ የቅመማ ቅመም ገበያ ስጽፍ አንዲት በርበሬ ሻጭ ጨው ሻጭ ብዬ አወጣኋት። በሳምንቱ በዚያ ሳልፍ ከመደቧ ላይ ተነሥታ ጠራችኝ።

"አንተ ጋዜጠኛ! ና እስቲ ወዲህ! ስንት ዘመን በርበሬ ስሸጥ ዓይኔ ጠፋ፣ አንተ ጨው ሻጭ ታደርገኛለህ? ጨው ሻጯ ያቻትና!" ፊት ለፊቷ ወደተቀመጠችው ሴት በአገጯ አመለከተች። "ይኸው ጋዜጣ ላይ የወጣሁት እኔ ነኝ እያለች መቀመጫ አሳጣችኝ።"

በሚቀጥለው እትም በሁለት መስመር ታረመ። ሴትየዋም ይቅር አለችኝ፤ በርበሬ ግን ሳልገዛ አልለቀቀችኝም።

ሁለተኛው ማረሚያ እንዲህ አያስቅም። ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም ለእሱ ስል ነው።

የተወለድኩት ሐረር ነው፣ ከጀጎል ግንብ ውጭ ባለው ከተማ። ቅድመ አያቴ ከመንዝ ከጦሩ ጋር መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነበር። ልጅ ሆኜ ስለ አመጣጡ ሲወራ እንደ ጀብዱ እሰማ ነበር። ጋዜጠኛ ከሆንኩ በኋላ ግን ነገሩን በሌላ መልኩ ማየት ጀመርኩ፤ ቅድመ አያቴ ሐረር ሲገባ ከየት መጣህ፣ ወረቀትህ የት አለ ያለው ሰው አልነበረም። ጠመንጃ ይዞ ነበር።

ሥራ የጀመርኩት በየሁለት ሳምንቱ በሚወጣ ጋዜጣ ላይ ነው። ደመወዙ እንደማንኛውም የመንግሥት ደመወዝ ነበር፤ ስለ እሱ የሚባል ብዙ የለም። የመጀመሪያው አለቃዬ ዜና ማለት ስብሰባ ነው ብለው የሚያምኑ ሰው ነበሩ። አዳራሽ ገብተን እንቀመጣለን፣ ንግግሩን እንቀዳለን፣ "ተገለጸ" ብለን እንዘጋለን። በዚህ ዓይነት ስንት "ተገለጸ" እንደጻፍኩ አላውቅም። ቀጥሎ ወደ ሶፊ ወረዳ ተመድቤ የገበሬዎችን ጉዳይ እንድከታተል ተደረገ። እዚያ ስብሰባ አልነበረም። የጫት ማሳ ዳር ቆሞ፣ በተሰባበረ ኦሮምኛ ጠይቆ፣ የሚመለስልኝን በጥሞና ሰምቶ መመለስ ነበር ሥራው። ገበሬ ጥያቄ ካልገባው "አልገባኝም" ይላል፤ ባለሥልጣን ግን ባይገባውም ይመልሳል። ይህን የተማርኩት ሶፊ ነው።

ወደ ከተማ ስመለስ አዲስ ዋና አዘጋጅ መጥተው አገኘሁ። አቶ ክፍሌ ይባላሉ። ከጎጃም ተመድበው የመጡ፣ ቀድሞ የሒሳብ መምህር የነበሩ፣ ቀጭንና ረጅም ሰው ናቸው። ሒሳብ ያስተማረ ሰው መልሱን ብቻ አይቶ አያልፍም፤ የተሠራበትን መንገድ ይጠይቃል። እሳቸውም እንዲሁ ነበሩ።

ሦስት ልማድ ነበራቸው። አንደኛው፣ ጽሑፍ ሲቀርብላቸው በኅዳጉ ላይ በቀይ እርሳስ "አየኸው?" ብለው መጻፍ ነው። ሌላ አስተያየት የለም። "የውኃ መስመሩ ተዘረጋ" ብዬ ከጻፍኩ፣ "አየኸው?" ይላል። ካላየሁት ሄጄ አያለሁ፤ ካልሆነ ዓረፍተ ነገሩ ይወጣል። ሁለተኛው፣ ማንኛውንም ዜና ከመታተሙ በፊት ወደ በሩ ወርደው ለዘበኛችን ለጋሽ ለማ ያነቡላቸዋል። ጋሽ ለማ ማንበብ አይችሉም፣ መስማት ግን ይችላሉ። እሳቸው ጥያቄ ካነሡ ዜናው አልተጠናቀቀም ማለት ነው። ሦስተኛው ልማዳቸው ሌላ ጋዜጣ ቤት አይቼው የማላውቀው ነው፤ ጋዜጣው ከወጣ በኋላ ዜናው ወደተሠራበት ቦታ ይሄዳሉ። "የጻፍከው ነገር አሁን ሰው እጅ ገብቷል። ምን እየሠራ እንደሆነ ሄደህ ማየት አለብህ" ይላሉ።

ያን ጊዜ ይህን ልማዳቸውን እንደ ሽማግሌ የእግር ጉዞ ነበር የማየው።

ከፈረስ መጋላ ወደ ጊደር መጋላ የምትወርደው ጠባብ መንገድ መኪና ግርግር ትባላለች። ግራና ቀኝ የተደረደሩት የልብስ ስፌት መኪኖች ናቸው ስሙን ያወጡላት። አንድ ቀን ሱሪ ለማሳጠር ወደዚያ ወረድኩ። የሰጠሁት ለሐጂ ኢብራሂም ነው፤ በዚያች መንገድ ላይ ዕድሜያቸውን የጨረሱ የሐረር ተወላጅ ልብስ ሰፊ ናቸው። እሳቸው ግን ሱሪዬን ራሳቸው ከመስፋት ይልቅ ከበራቸው ደፍ ላይ መኪና ይዛ ለተቀመጠች ሠላሳ ዓመት ገደማ ለሆናት ሴት ወረወሩላት።

"ዓይኔ ደክሟል" አሉኝ። "አሁን ክር የምታስገባልኝ እሷ ናት። አንተ ጋዜጠኛ አይደለህም እንዴ?"

"ነኝ።"

"አቦ፣ ስለ ጅብ ስትጽፉ ሰው አለቀ! ይህችን ልጅ ጻፍልኝ።"

ሴትየዋ ቀና ሳትል "ተዉ ሐጂ፣ ሥራ ላይ ነኝ" አለች።

ስሟ ሙሉነሽ ነው። ከወሎ በኩል ካለች ትንሽ ከተማ ከዚያ ዘጠኝ ዓመት ቀደም ብሎ ወታደር ባሏን ተከትላ ሐረር መጣች። የኖሩት ካምፕ ውስጥ ስለነበር ቀበሌ የመመዝገብ ነገር አላስፈለጋቸውም። በኋላ ባልየው ሌላ ቦታ ተዛወረ፣ ትዳሩም ፈረሰ፣ እሷ ቀረች። ጀጎል ውስጥ ክፍል ተከራየች፣ ከሐጂ ኢብራሂም ጋር መሥራት ጀመረች። ሐጂ አሁን ልጃቸው ዘንድ ድሬዳዋ ሊሄዱ ነው። ሱቋን ለሙሉነሽ ሊለቁላት ቃል ገብተዋል። ለዚህ ግን የንግድ ፈቃድ ያስፈልጋታል፣ ለንግድ ፈቃዱ የነዋሪነት መታወቂያ፣ ለመታወቂያው ደግሞ ከተወለደችበት ቀበሌ የሚጻፍ መሸኛ። "እገሌ የእኛ ነዋሪ ነበረች፣ ከዚህ ለቅቃለች" የሚል ደብዳቤ ነው። በስልክ ብትጠይቅ፣ አንቺ ከወጣሽ ቆየሽ፣ ማህደርሽም ላይገኝ ይችላል፣ ከተገኘም የምትወስጂው በአካል መጥተሽ ነው አሏት።

"እዚያ የለሽም ይሉኛል፣ እዚህ አልመጣሽም ይሉኛል" አለችኝ ሱሪዬን እየመተረች። "ታዲያ እርስዎ አሁን ሱሪ የሰጡት ለማን ነው?"

ሐጂ ሳቁ። "ወላሂ ጻፍልኝ። እስከ ዒድ እጠብቃታለሁ። ከዒድ በኋላ ግን ልጆቼ ሱቋን ለሌላ ያከራያሉ፤ እኔ እዚህ የለሁም።"

በኪሴ የምይዛት ትንሽ የሕገ መንግሥት ቅጂ ነበረችኝ። ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በመረጠው የአገሪቱ ክፍል የመዘዋወር፣ የመኖርና የመረጠውን ሥራ ሠርቶ የማደር መብት እንዳለው የሚናገሩትን ሁለት አንቀጾች አስምሬባቸው ነበር። የመጀመሪያ ረቂቄን በእነሱ ከፈትኩት። አቶ ክፍሌ መግቢያውን በሙሉ ሰረዙት።

"ይህን ሁሉም ይጠቅሳል፤ የከለከለውም ይጠቅሰዋል። ሰው መብቱን ይዞ መስኮት ጋ ሲደርስ ምን እንደሚሆን ነው የማናውቀው። መስኮቱ ጋ ሂድ።"

ሄድኩ። የቀበሌው የምዝገባ ሠራተኛ ፍቃዱ የሚባል ትሑት ሰው ነው። ጠዋት ከስምንት ሰው ጋር ሲነጋገር ቆሜ አየሁት፤ ማንንም አልሰደበም፣ ማንንም አላስጮኸም። ስለ ሙሉነሽ ስጠይቀው በመስታወቱ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት በእስክሪብቶው ነካ ነካ አደረገው። ከሌላ ቦታ የመጣ ነዋሪ መሸኛ ካላቀረበ ፈጽሞ እንደማይስተናገድ ይላል። ከግርጌው ክብ ማኅተም አለበት።

"መመሪያ ነው ጋሼ። እኔ ምን ላድርግ?"

ቃል በቃል ገለበጥኩት። ማኅተም እንዳለው ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩ። ቁጥርና ቀን አልነበረውም። አለመኖሩን ግን ያን ዕለት አላየሁም። የመንግሥት ቤት ውስጥ የኖረ ሰው ማኅተም ሲያይ ዓይኑ እዚያው ያርፋል፤ ከማኅተሙ በላይ ያለውን መመርመር ይተዋል። የእኔም ዓይን ያደረገው ይህንኑ ነው።

ዜናውን ጻፍኩ። የሙሉነሽን ታሪክ በሚገባ አስፍሬ፣ በመካከሉ "የቀበሌው የምዝገባ መመሪያ ከሌላ አካባቢ የመጣ ሰው ያለ መሸኛ እንዳይመዘገብ ይከለክላል" የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር አስገባሁ። በኅዳጉ ላይ "አየኸው?" ተብሎ ተመለሰልኝ።

"አየሁት" አልኳቸው። "ማኅተምም አለው።"

አቶ ክፍሌ ረቂቁን አንሥተው ወደ ጋሽ ለማ ወረዱ፤ እኔም ተከተልኳቸው። ጋሽ ለማ እስከ መጨረሻው ሰምተው አንድ ጥያቄ ብቻ አነሡ።

"መሸኛ ማምጣት የማይችል ሰውስ?"

"አይመዘገብም" አልኩ እኔ ቀድሜ።

"እህ" አሉ ጋሽ ለማ። "ይኖራል ግን።"

ያቺ "እህ" ማስጠንቀቂያ ነበረች፤ አልሰማኋትም።

ጋዜጣው እንደወጣ አንድ ቅጂ ይዤ መኪና ግርግር ወረድኩ። ሙሉነሽ ቆማ፣ ጣቷን በመስመሩ ላይ እያስኬደች አነበበችው። ትደሰታለች ብዬ ነበር። ጣቷ ያቺ ዓረፍተ ነገር ላይ ሲደርስ ቆመ።

"እንግዲያውስ እውነት ነው ማለት ነው" አለች። "እኔ እኮ ያ ልጅ በራሱ የከለከለኝ መስሎኝ ሌላ ሰው እስኪተካ ልጠብቅ ነበር።"

በማግሥቱ ሰኞ በአውቶቡስ ወደ ወሎ ሄደች።

ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት አቶ ክፍሌ ኮታቸውን ለብሰው ጠረጴዛዬ ጋ መጡ። "ተነሥ፣ እንሂድ" አሉኝ። የት እንደምንሄድ አልነገሩኝም። ከዚያ ቀን በፊት ብቻቸውን ሄደው እንደነበር ያወቅኩት በኋላ ነው። ቀበሌው በር ስንደርስ ሰልፉን አልፈው ከመስኮቱ ጎን ቆሙ፣ መነጽራቸውን አወጡ፣ እኔም እንዳነብ ቦታ ለቀቁልኝ።

ማኅተም ካለበት ማስታወቂያ አጠገብ ጋዜጣችን በማጣበቂያ ተለጥፏል። የእኔ ዜና ነው። ያቺ ዓረፍተ ነገር በሰማያዊ እስክሪብቶ ተሰምሮባታል።

በዚያው ቅጽበት አንድ አዛውንት መስኮቱ ጋ ደርሰው ነበር። ፍቃዱ ምንም ሳይናገር የተሰመረበትን አሳያቸው። አዛውንቱ አነበቡ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ "ጋዜጣም ካወጣው..." ብለው ሄዱ።

ፍቃዱ አየኝና ፊቱ በራ። "ጋሼ! ምን ያህል እንደረዱኝ አያውቁም። ድሮ ከሁሉም ጋር ስጨቃጨቅ ነበር የምውለው። አሁን አሳያቸዋለሁ፣ ይሄዳሉ።"

አቶ ክፍሌ ወደ መስኮቱ ጎንበስ አሉ። "ልጄ፣ መመሪያውን ታሳየናለህ?"

"ይኸው፣ ጋዜጣው ላይ አለ።"

"ጋዜጣውስ ከየት አመጣው?"

ፍቃዱ እኔን አየ፣ ማስታወቂያውን አየ። "ከ... ከእኛ" አለ።

አቶ ክፍሌ መነጽራቸውን አወለቁ። አልተቆጡኝም። ስንመለስ ከግንቡ በሮች አንዱ የሆነው ሸዋ በር ደረስን። እዚያ ቆመው፣ "አየኸው ብዬ ስጠይቅህ ምኑን እንዳየህ አልጠየቅኩህም። ግማሹ የእኔ ጥፋት ነው" አሉ። "ግማሹ ግን ያንተ ነው። መመሪያውን ፈልገህ አምጣ።"

ፍለጋው ሁለት ሳምንት ወሰደ። ሦስት ቢሮ ሄድኩ። ሁለቱ መመሪያ መኖሩን ያውቃሉ፣ አይተውት ግን አያውቁም። በሦስተኛው የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ከቁም ሣጥን ላይ አውርዳ፣ አቧራውን በክንዷ ጠርጋ ሰጠችኝ። ተቀምጬ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መሸኛ ከማስረጃዎቹ አንዱ እንደሆነ ይናገራል። ማቅረብ ያልቻለ ሰው ግን በአካባቢው ለመኖሩ በሚያውቁት ሦስት ነዋሪዎች ምስክርነት ተጣርቶ እንደሚመዘገብ በቀጣዩ ተራ ቁጥር ላይ ተጽፏል። ማንም አልሸሸገውም። ማንም አላነበበውም ብቻ ነው።

ታዲያ ማስታወቂያው ከየት መጣ? ያንንም ጠየቅኩ። የቀድሞው የቀበሌው ሊቀመንበር ጡረታ ወጥተው ቤታቸው ናቸው። ሄጄ የገለበጥኩትን ሳሳያቸው አነበቡና ሳቁ።

"ይሄ እስካሁን አለ እንዴ? ይሄ እኮ የስኳር ነው! ስኳርና ዘይት በቀበሌ ሲከፋፈል ሰው ሁለት ቦታ ተመዝግቦ ሁለት ጊዜ ይወስድ ነበር። ለሁለት ወር ብዬ ነው ያስለጠፍኩት።"

"ቀን ለምን አልተጻፈበትም?"

"ለሁለት ወር ምን ቀን ያስፈልገዋል ብዬ ነዋ!"

ስኳሩ ካለቀ ብዙ ቆይቷል። ወረቀቱ ግን በመስታወቱ ላይ ቀረ፤ ሠራተኞች ሲለዋወጡ አንዱ ለሌላው ከወንበሩ ጋር አስረከበው። ፍቃዱም ሲቀጠር ያገኘው እዚያው ተለጥፎ ነው። ምናልባት ከጊዜ ብዛት ወልቆ ይወድቅ ነበር። አጠገቡ የሚለጠፍ ዜና ጽፌ ዕድሜ የሰጠሁት እኔ ነኝ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሙሉነሽ ጋ ደወልኩ። ወሎ ነበረች፤ ማህደሯ ገና አልተገኘም። የሆነውን ሁሉ ሳልሸሽግ ነገርኳት፤ መሸኛ ግዴታ እንዳልሆነ፣ በሦስት ምስክር መመዝገብ እንደምትችል፣ እኔ እንደተሳሳትኩ።

"ጋሼ" አለች፣ "ባለፈው ያስፈልጋል አሉ። ዛሬ አያስፈልግም አሉ። እዚያ ስደርስ ደግሞ ምን ይሉኝ ይሆን?"

"መመሪያውን በእጄ ይዣለሁ።"

"ባለፈውም አይቼዋለሁ ብለው አይደል የጻፉት?"

በሥራ ዘመኔ ብዙ ሰው ተቆጥቶኛል፣ አንድ ሁለቴም ዛቻ ሰምቻለሁ። እንደዚያች ጥያቄ ግን የከበደኝ የለም። እሷ አልተቆጣችም። እምነቷን ብቻ ወሰደችብኝ። "እዚህ ድረስ ከመጣሁ ሳልይዝ አልመለስም" ብላ ስልኩን ዘጋችው።

ማረሚያ በጋዜጣችን የመጨረሻ ገጽ፣ ከታች፣ በትንሽ ፊደል ነበር የሚወጣው። አቶ ክፍሌ ይህኛው በዚያው ዜናው በወጣበት ገጽ፣ በዚያው ቦታ፣ በዚያው መጠን እንዲወጣ ወሰኑ። የዚያን ጊዜው የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ሲሰሙ ወደ ክፍላችን መጡ።

"አቶ ክፍሌ፣ ይህን ያህል ማጉላት ምን ይባላል? ስማችን ይጠፋል እኮ።"

"ስማችን ቢጠፋ ተመልሶ ይገኛል" አሉ አቶ ክፍሌ። "የልጅቷ ሱቅ ግን ዒድ እየደረሰበት ነው።"

ማረሚያውን ስጽፍ ሦስት ጊዜ መለሱልኝ። መጀመሪያ "ስሕተት ተፈጥሯል" ብዬ ነበር፤ "ማን ፈጠረው?" ብለው ጻፉበት። "ጋዜጣው ተሳስቷል" አልኩ፤ "ጋዜጣ እግር የለውም" አሉ። በሦስተኛው፣ መመሪያውን ሳላነብ እንዳነበብኩ አድርጌ የጻፍኩት እኔ መሆኔን፣ መመሪያው በእርግጥ ምን እንደሚልና ማስታወቂያው ለምን እንደተለጠፈ በተራ ቃል አስቀመጥኩ። ጋሽ ለማ ሲነበብላቸው ጥያቄ አላነሡም።

የታተመውን ይዤ ራሴ ፍቃዱ ጋ ሄድኩ። አንብቦ ሲጨርስ ጆሮው ቀልቶ ነበር። የድሮውን ዜና አንሥቶ በቦታው አዲሱን እንዲለጥፍ ጠየቅኩት።

"ይሄኛው ማኅተም የለበትም እኮ" አለ።

"ያኛውም አልነበረበትም።"

ትንሽ አሰበና ሳቀ። የድሮውን ጋዜጣ በጥፍሩ ፈቅፍቆ አነሣው። ማስታወቂያውን ግን ያለ አሁኑ ሊቀመንበር ትእዛዝ መንካት አልደፈረም። ከመመሪያው ኮፒ ጋር ለሊቀመንበሩ አመለከትን፤ ከስብሰባ፣ ከመስክ፣ እንደገና ከስብሰባ በኋላ ተነሣ። በዚህ መሐል ዒድ አለፈ።

ሐጂ ኢብራሂም ከተናገሩት በላይ አንድ ሳምንት ጠበቁ። ከዚያ ልጆቻቸው መጥተው ወሰዷቸው። ሱቋ አሁን የስልክ ሽፋንና ጆሮ ማዳመጫ ይሸጥባታል። በዚያ ሳልፍ እስከ ዛሬ ወደ ውስጥ አላይም።

ሙሉነሽ መሸኛውን ይዛ የተመለሰችው ከዚያ በኋላ ነው። ቢሮዬ ድረስ መጥታ፣ "ይኸው" ብላ አሳየችኝ፤ ማኅተም፣ ቁጥር፣ ቀን፣ ሁሉም አለው። እንደገና ማኅተሙን ብቻ አይቼ እንዳላልፍ ፈርታ መሰለኝ፣ ሳልጠይቃት ጮክ ብላ አነበበችልኝ። ከዚያ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችውና፣ "ነገ ቀበሌ እሄዳለሁ። እርስዎም ይምጡ። የጻፉት እንደሚሠራ ይዩት" አለች።

በማግሥቱ ጠዋት ሄድኩ። ሰልፉ እስከ በሩ ደርሷል። ሙሉነሽ ሦስት ሰው አስከትላ መጥታለች፤ አከራይዋ፣ በመኪና ግርግር አጠገቧ የሚሰፋ አንድ ሰው፣ ሦስተኛው ሐጂ ኢብራሂም ናቸው። ስማቸው ገና በሐረር መዝገብ ላይ ነው፤ በጠዋት ሚኒባስ ከድሬዳዋ ወጥተው ነው የመጡት።

"ለምን ደከሙ?" አልኳቸው።

"ሱቋን አልሰጠኋትም። ምስክርነቴን እንኳ ልስጣት" አሉ።

ተራዋ ደረሰ። ፍቃዱ ቅጹን አወጣ። በመስታወቱ ላይ ማረሚያው ተለጥፏል፤ ቢሆንም እጁ የለመደውን አደረገ። ቀና ብሎም ሳያይ ጠየቀ።

"መሸኛ ይዘሻል?"

ሙሉነሽ አንድ እጇን ቦርሳዋ ላይ አደረገች። ቦርሳው ውስጥ ምን እንዳለ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። እጇ እዚያው ቆየ፤ ዚፑን ግን አልከፈተችም።

"ምስክሮች ይዤ መጥቻለሁ" አለች። "ሦስት ናቸው።"

ፍቃዱ ቀና አለ። አወቃት። እኔንም ከኋላ አየኝ። ከዚያ ወደ ማረሚያው ዞር ብሎ አየና ሌላ ቅጽ ከመሳቢያው አወጣ፤ የምስክሮች ቅጽ ነው፣ ገና ከጥቅሉ ያልተፈታ።

"ሐጂ፣ ይህችን ሴት ያውቋታል?"

"ይህን ሁሉ ዓመት ፊት ለፊቴ ስትሰፋ አይቻታለሁ" አሉ ሐጂ። "ወላሂ ዓይኔ የጠፋው እሷን ሳይ ነው።"

ከሰልፉ ሳቅ ተሰማ። ፍቃዱም እየሳቀ ጻፈ። ከዚያ ወደ ሙሉነሽ ተመለሰ።

"ሥራ?"

"ልብስ ሰፊ።"

"የሥራ ቦታ?"

ወደ ሐጂ ዞር ብላ አየች። የሥራ ቦታዋን በእኔ ምክንያት እንዳጣች ሦስታችንም እናውቃለን፣ ሐጂ፣ እሷና እኔ።

"ሐረር" አለች። "ሱቅ ገና እፈልጋለሁ።"

ፍቃዱ "ሐረር" ብሎ ጻፈ።

ወደ ውጭ ስንወጣ ሐጂና ሌሎቹ ቀደም ብለው ሄዱ። እኔ ይቅር ትለኝ እንደሆነ ለቀናት ሲያብሰለስለኝ የነበረውን ትቼ፣ አሁን ያየሁትን ጠየቅኳት።

"ወረቀቱ ቦርሳሽ ውስጥ ነበር። አምስት ደቂቃ በማይፈጅ ነገር ያን ሁሉ ሰው ማስቸገር ለምን አስፈለገ? ስንት ቀን የተጓዝሽበት ነው።"

ወደ ሰልፉ ዞር አለች። ከእሷ ቀጥሎ ተራዋ የነበረች ሴት ሕፃን አዝላ መስኮቱ ጋ ቆማለች፤ እጇ ላይ ምንም ወረቀት የለም።

"እኔ ከሰጠሁት" አለች ሙሉነሽ፣ "እሷንም አምጪ ይላታል።"